ጥፋቴን የገዛው ሲኞር

እናንተ የዘንድሮ ባለመኪኖች፣ ኢንሹራንስ ተወደደ እያላችሁ ስታማርሩ በሰማሁ ቁጥር ሳቄ ይመጣል። አንዱ «እኔስ ሙሉውን ገብቻለሁ» ብሎ ደረቱን ይነፋል፤ ሌላው «እኔ ለሦስተኛ ወገን ብቻ ነው» ብሎ አንገቱን ይደፋል፤ የተጋጩ ዕለት ግን ሁለቱም እኩል ያለቅሳሉ። እኔ ይህን ጉድ ያየሁት አብዛኞቻችሁ ሳትወለዱ፣ በጣሊያን ጊዜ፣ እዚሁ ደብረ ማርቆስ ላይ ነው። ያኔ «አሲኩራሲዮን» ነበር የሚባለው። ስሙን አስተካክሎ ለመጥራት ብቻ ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ ምን ማለት እንደሆነ ለመረዳት ደግሞ እኔን አንዲት በቅሎ አስከፍሎኛል። በቅሎዋም የእኔ አልነበረችም።

መጀመሪያ ነገር ካሚዮን ከየት አመጣህ ትሉኝ ይሆናል። መልካም ጥያቄ ነው። በዚያ ዘመን የጎጃም ሰው ወይ ዱር ገብቶ ይተኩሳል፣ ወይ ከተማ ተቀምጦ ይፈራል። እኔ ሁለተኛው ነበርሁ። ይጁቤ አጠገብ ከየኔታ ጥበቡ ዘንድ ቅኔ እቆጥር ነበር፤ ቅኔው እንቢ ሲለኝ ማርቆስ ወጥቼ ከጣሊያን ገራዥ ጎማ አጣቢ ሆንሁ። ከማጠብ ወደ መንዳት የሚወስደው መንገድ አጭር ነው፤ ባለቤቱ ምሳ ሲበላ መሞከር ነው። በኋላ አንድ የመንገድ ሥራ ተቋራጭ ወደ አገሩ ሲመለስ፣ ከእርጅናዋ የተነሣ ማንም የማይነካትን ካሚዮን ሸጠልኝ። ካባቴ የወረስኋቸውን በሬዎች አውጥቼ ሸጥሁና ገዛኋት። ሚስቴ ዙሪያዋን ዞራ አየቻትና፣ «በሬው ሣር በልቶ ያርስ ነበር፤ ይቺ ምን በልታ ምን ልታርስ ነው?» አለች። እኔ ጎማዋን ማጠብ ያዝሁ።

ሳምንት ሳይሞላ «አሲኩራሲዮን የሌለው መኪና ከኬላ አይወጣም» ተብሎ ተለፈፈ። በማርቆስ መኪና ያለን የጣሊያን መንግሥት፣ ተቋራጩና እኔ ነን። መንግሥቱ ራሱን አይጠይቅም፤ ተቋራጩ ሄዷል። ነጋሪት ጎስመው ያን ሁሉ ሕዝብ ከሚያስደነግጡ ሰው ልከው በጆሮዬ ሹክ ቢሉኝ ይበቃ ነበር።

እንግዲህ ተነሥቼ ወደ አሲኩራሲዮን ቤት ሄድሁ። ቤቱ የጠጅ ሻጭ ቤት ነበር፤ ሴትዮዋን አስወጥተው ነው ጠረጴዛ ያስገቡበት። ግድግዳው ገና ጠጅ ጠጅ ይሸታል፤ ለደንበኛ መልካም ነው፣ ሳይጠጡ መስማማት ይመጣል። ከጠረጴዛው ኋላ ሲኞር ካርሎ ተቀምጧል፤ ቀጭን ነው፣ ጠጕሩ በቅባት ያብለጨልጫል፣ እጁ ሳይንቀሳቀስ አፉ አይከፈትም። አጠገቡ ቱርጁማኑ ገብሬ ቆሟል። ሲኞር ካርሎ እንደ ድርሳን የረዘመ ነገር ይናገራል፤ ገብሬ በሁለት ቃል ይጨርሰዋል። የቀረው የት እንደሚሄድ እግዜር ይወቅ።

«ሦስት ዓይነት አለ» አለኝ ገብሬ። «አንደኛው ሙሉው ነው። ሁሉን ይሸፍናል።»

«ሁሉን?»

«ሁሉን። ከጦርነት፣ ከሽፍታ፣ ከጎርፍ፣ ከናዳ፣ ከጭቃ፣ ከድልድይ መሰበርና ከከብት በስተቀር።»

እስኪ ከማርቆስ ኬላ ወጥታችሁ የምታውቁ ካላችሁ ንገሩኝ፤ ከነዚህ ሌላ ምን አለ? ምናልባት መርከብ ይገጨኝ ይሆናል። ዋጋውን ስሰማ ደግሞ ሌላ ካሚዮን መግዛት እንደሚረክስ ገባኝ።

«ሁለተኛው የእሳትና የሌባ ነው» አለ ገብሬ።

ለሌባው ሳቅሁ። እኔ ባለቤቷ በጠዋት አስነሥቻት አላውቅም፤ አስነሥቶ የሚሰርቃት ሌባ ከተገኘ ደመወዝ ቆርጬ እቀጥረዋለሁ እንጂ ለምን እከሰዋለሁ!

«ሦስተኛው ለሦስተኛ ወገን ነው። አንደኛው አንተ ነህ። ሁለተኛው ኩባንያው ነው። ሦስተኛው የምትገጨው ሰው ነው።»

«እኔ አንደኛው ምን አገኛለሁ?»

«ምንም።»

«የሚከፍለውስ ማነው?»

«አንተ።»

«የምገጨው ሰው አያዋጣም?»

«እሱማ መገጨቱን ገና መች ያውቃል!» አለኝ ገብሬ፣ በእኔ ድንቁርና ተናዶ።

እንዲህ ያለ ጽድቅ በገድልም አላነበብሁም። ማንነቱን ለማላውቀው ሰው፣ ወደፊት ለማደርስበት ክፉ ነገር፣ ዛሬ እከፍላለሁ። ቢሆንም ከሦስቱ የሚረክሰው እሱ ነውና «እሱኑ ስጠኝ» አልሁ። ዋጋው አሁንም መራራ ነበር። የገበያ ሰው ነኝና ክርክር ገባሁ።

«ስማ ገብሬ፣ እንዲህ በለው። እኔ እሑድ አልነዳም። ቅዳሜም አልነዳም። በሚካኤል አልነዳም፤ በማርያም፣ በገብርኤል አልነዳም፤ በጊዮርጊስማ ጭራሽ አልነካትም። በመድኃኔ ዓለም፣ በበዓለ ወልድ፣ በአቦ ቆማ ነው የምትውለው። የቆመች ካሚዮን ማንን ትገጫለች? የበዓላቱን ቀንሱልኝ።»

ገብሬ ተረጎመ። ሲኞር ካርሎ እርሳሱን አንሥቶ አሰላ፤ ሰረዘና እንደገና አሰላ፤ ከዚያ ቀና ብሎ በሐዘን ዐይን አየኝ።

«ታዲያ ለምን ገዛሃት? ይልሃል» አለ ገብሬ።

ሚስቴም ከዚሁ ነጥብ ላይ ደርሳ ነበር፤ እሷ ግን ያለ እርሳስ ነው የደረሰችበት። ቅናሹም ቀረ። «በበዓል ቀን ቆማ ሳለ ሌላ መጥቶ ቢገጫትስ?» ነው ምክንያቱ። «እሱን ትሸፍናላችሁ?» ብዬ ጠየቅሁ። «አንሸፍንም፤ ግን ሊደርስ ይችላል» ተባልሁ። ከፍዬ ወጣሁ።

ከዚያ ወዲህ ከማርቆስ ጨው ጭኜ ይጁቤ እወርዳለሁ፤ ከይጁቤ ጤፍ ጭኜ እመለሳለሁ። ሁለት ምልልስ አድርጌ ሀብታም ለመሆን ትንሽ ሲቀረኝ ነው ነገሩ የመጣው።

አሁን የምነግራችሁን የውጭ አገር ሰው ቢሰማው አያምነኝም፤ እናንተ ግን ታምኑኛላችሁ። በአገራችን በበቅሎ የሚሄድ ሰው መምህሩን መንገድ ላይ ካገኘ ይወርዳል። ካልወረደ የሚሰደበው እሱ ብቻ አይደለም፤ ያሳደገችው እናቱ ናት። ይህ ነገር ከፊደል በፊት የሚገባ ትምህርት ነው፤ ከጭንቅላት አልፎ ጉልበት ውስጥ ተቀምጧል።

ከይጁቤ በላይ ካለው ቁልቁለት ስደርስ የኔታ ጥበቡ ጃንጥላቸውን ዘርግተው ከመንገዱ ዳር ቆመዋል። አየኋቸው። ከእኔ በፊት እግሬ ወረደ። ዘልዬ ወረድሁና ነጠላዬን አጣፍቼ፣ መሬት እስክነካ እጅ ነሣሁ።

«እንደምን ሰነበቱ የኔታ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። አንተ እንዴት ነህ? ሚስትህ ደኅና ናት?»

«ደኅና ናት፣ እግዜር ይመስገን።»

«መልካም፣ መልካም» አሉና በጎነበሰው ጀርባዬ ላይ አሻግረው አዩ። «ያቺ ብቻዋን የምትሄደው የማን ናት?»

«የእኔ ናት፣ የኔታ» አልሁ፣ ገና ቀና ሳልል።

ለካ በቅሎ ናት ባለቤቷ ሲወርድ የምትቆም። ካሚዮኗ እንዲህ ያለ አስተዳደግ አልነበራትም። ተጎንብሼ ሳለሁ አልፋኝ ቁልቁል ወረደች፤ ፍሬኗ ሰው ተቀምጦባት እንኳ የሚያዘው በእሷ ፈቃድ ነው። ከታች፣ ከዋንዛው ሥር የየኔታ በቅሎ ታስራ ነበር። ሲናር በቅሎ፣ መርጡለ ማርያም ድረስ ወስዳ የምትመልሳቸው፣ ተማሪ ሁሉ ከእሳቸው እኩል የሚያከብራት በቅሎ። እኔ ራሴ በተማሪነቴ ስንት ቀን ሣር አጭጄላታለሁ! ካሚዮኗ በቅሎዋንና ዋንዛውን አንድ ላይ አገኘቻቸው። ዋንዛውና ካሚዮኗ ተረፉ።

የኔታ ወርደው ከበቅሎዋ ራስ አጠገብ ተቀመጡ። ጆሮዋን ሲያሻሹ ቆዩ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ብቻ ወደ እኔ ሳይዞሩ፣ «ሂድ፤ ከእንግዲህ ሰላምታህን አልሻም» አሉ።

አባቴ የሞተው ልጅ ሳለሁ ነው። ፊደል ያስቈጠሩኝ፣ ከራታቸው ከፍለው ያበሉኝ፣ ስታመም የተሸከሙኝ እሳቸው ናቸው። እኚህ ሰው ናቸው ሰላምታህን አልሻም ያሉኝ። ይህን እየቀለድሁ ልነግራችሁ አልችልም። በማግሥቱ ይጁቤ ላይ ጤፍ የሚጭንልኝ ሰው አጣሁ፤ የኔታ ያኮረፉትን ማን ይጠጋል? እሱ ግን ከኩርፊያው ጋር ሲተያይ ቀላል ነበር። የኔታን ሳልታረቅ እንዴት እኖራለሁ?

ማርቆስ ተመልሼ ለሲኞር ካርሎ ነገርሁት። በደስታ ከወንበሩ ተነሣ! ለካ በጎጃም የመጀመሪያው አደጋ የእኔ ኖሯል፤ ሰውየው ከመጣ ጀምሮ አንድ ሰው ሳይገጭለት ከርሞ ሊያብድ ነበር።

«አጥፍቻለሁ ብለሃል?» ብሎ አስጠየቀኝ።

«ድንጋጤው መች አናገረኝ! ምንም አላልሁም።»

«ጎበዝ! እንዳትል። አጥፍቻለሁ ካልህ ውሉ ይፈርሳል። ጥፋቱ ከዛሬ ጀምሮ የኩባንያው ነው፤ አንተን አይመለከትም።»

እፎይ አልሁ። በደል እንደ ጨው ከትከሻ ላይ የሚወርድ ነገር መሆኑን ቀድሜ ባውቅ ኖሮ ስንቱን ንስሐ ባተረፍሁ! የነፍስ አባቴ ያስሰግዱኛል እንጂ እንዲህ ያለ ነገር ነግረውኝ አያውቁም።

ሲኞር ካርሎ ገንዘቡን ራሱ ይጁቤ ድረስ ወስዶ በሕዝብ ፊት ሊሰጥ ወሰነ። ሰዉ አይቶ ይቀናል፣ ሁሉም አሲኩራሲዮን ይገባል ነው ሐሳቡ። «ከእኔ ሌላ መኪና ያለው ሰው የለም» ስለው «በቅሎስ? አህያስ?» አለኝ፤ ዐይኑ በራ። ጣሊያን ያን ጊዜ ያለ ዘበኛ ከከተማ አይወጣም ነበር፤ ዱሩ ሁሉ ጠመንጃ ነው። የይጁቤ ሽማግሌዎች ዳኛ ባላምባራስ ካሣ ግን «ለዕርቅ የመጣ ሰው አይነካም» ብለው ቃላቸውን ላኩ። እንግዲህ ሲኞር ካርሎን ከመሀል፣ ገብሬን ከዳር አስቀምጬ ወረድን። በየመታጠፊያው ሲኞሩ ያማትባል፤ እኔ ፍሬኑን አስቤ አማትባለሁ።

ሽማግሌዎቹ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ካለው ሜዳ ተቀምጠዋል። የኔታ ከመሀል ናቸው፤ ወደ እኔ አላዩም። የገበያ ቀን ስለሆነ ሰዉ እህሉን ትቶ ከበበ። ሲኞር ካርሎ ከቦርሳው የበቅሎዋን ዋጋ አውጥቶ ለየኔታ አስረከበና ንግግር ጀመረ፤ እጁ ከወዲያ ወዲህ ሲል ከፊት የነበሩ ሕፃናት ሸሹ። ገብሬ «ደስ ብሎታል ይላል» ብሎ ደመደመው።

ባላምባራስ ካሣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ገንዘቡ መልካም ነው። ገንዘቡ የበቅሎዋ ነው። የተሰበረው የየኔታ ልብ ግን በምን ይካሳል? አጥፊው ይቅረብ።»

እዚህ ላይ ዝም ብዬ ወጥቼ ከእግራቸው ብወድቅ ኖሮ እናንተም ይህን ወግ አትሰሙም፣ እኔም ጀርባዬን አያመኝም ነበር። ግን ብልጥ ነኝ፤ ከከተማ የመጣሁ ነኝ፤ የከፈልሁበት ነገር አለ።

«አጥፊው እኔ አይደለሁም» አልሁ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ። «ጥፋቱን ኩባንያው ወስዶታል። ከፍዬበታለሁ።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። «ጥፋት ይሸጣል እንዴ?» አሉ ባላምባራስ።

«ማርቆስ ላይ ይሸጣል።»

«ወይ ሥልጣኔ!» አሉና ወደ ገብሬ ዞሩ። «እስኪ ጠይቀው፤ የዚህን ልጅ ጥፋት እውነት ወስዷል?»

«ሲ! ሲ! ቱቶ!» አለ ሲኞር ካርሎ ደረቱን እየመታ።

«ምን አለ?»

«ሁሉንም ወስጃለሁ አለ።»

«እንግዲያውስ» አሉ ባላምባራስ ካሣ፣ «ድንጋይ አምጡለት።»

በእኛ ዘንድ የበደለ ሰው ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ፣ ጎንበስ ብሎ ከተበደለው ፊት ይቀርባል። ተበዳዩ ይቅር እስኪለው አያወርድም። ይህን ለአንድ ጣሊያን፣ በጣሊያን ዘመን መተርጎም የገብሬ ዕጣ ሆነ። ፊቱ አመድ መሰለ። ከዚህ ላነሰ ነገር ሰው ይሰቀል ነበር። ወዲህ ባላምባራስን አየ፤ ወዲያ ሲኞሩን አየ፤ ከዚያ በጆሮው የሆነ ነገር ሹክ አለው፤ ሲኞሩም ፈገግ ብሎ ራሱን ነቀነቀ።

«ምን ብለኸው ነው?» አልሁት ቀስ ብዬ።

«የአገሩ ደረሰኝ ነው አልሁት» አለኝ፣ ላቡን እየጠረገ። «ወረቀት ስለሌላቸው ለተከፈለ ገንዘብ ድንጋይ ነው የሚሰጡት፤ ተሸክሞ የተቀበለ እንደ ፈረመ ይቆጠራል።»

ሲኞር ካርሎ ደረሰኝ ይወዳል። ኮቱን አውልቆ ለገብሬ ሰጠ፤ ድንጋዩን በማጅራቱ ተቀበለ፤ ጎንበስ ብሎ ወደ የኔታ ቀረበ። ጣሊያን አንገቱን ሲያስደፋ እንጂ ሲደፋ ያየ ሰው አልነበረም። አንዲት ሴት ከኋላ እልል ልትል ጀምራ አፏን ሲይዟት ሰማሁ። እኔም ልቤ ዘለለ፤ የኔታ፣ እዩልኝ፣ ማንን አምጥቼ ከእግርዎ እንደጣልሁ እዩልኝ ልል ምንም አልቀረኝም።

የኔታ እጃቸውን ከድንጋዩ ላይ አኖሩ። «ይቅር ለእግዜር» አሉ። «አውርዱለት። ከዛሬ ጀምሮ በመካከላችን ነገር የለም።» ትከሻውን ሳሙት። ባላምባራስም ተነሥተው፣ «ይህ ሰው ከየኔታ ጋር ታርቋል፤ በዚህ መንገድ ሲሄድ ሲመለስ ማንም እንዳይነካው» ብለው ለሰዉ ተናገሩ። እንጀራ ቀረበ፤ ሲኞሩ ከየኔታ ጋር ካንድ ገበታ ቆረሰ። ድንጋዩንም ገብሬ ካሚዮኗ ላይ እንዲጭንለት አዘዘ።

እኔም እጄን ታጥቤ ጠጋ አልሁና ጉልበታቸውን ልስም ጎነበስሁ። የኔታ እግራቸውን ሰበሰቡ።

«አንተ ምን ልትሆን መጣህ?»

«ታረቅን ብዬ ነው፣ የኔታ።»

«እኔ የታረቅሁት በቅሎዬን ከገደለው ሰው ጋር ነው። ያውልህ፣ እየበላ ነው። አንተ ምን አድርገኸኛል? ምንም አላደረግሁም ብለህ በሸንጎ ተናገርህ። ምንም ያላደረገኝን ሰው ምን ብዬ ይቅር ልበለው?»

ቀና ብዬ ሰዉን አየሁ። ሁሉም ያየኛል። እንግዲህ ሒሳቡ ይህ ነው፤ ጣሊያኑ ከየኔታ ታርቆ፣ ከሽፍታውም ከሽማግሌውም መንገድ ተሰጥቶት ወጥ እያጠቀሰ ነው። ያሳደጉት ልጅ እኔ ደግሞ ንጹሕ ነኝ ብዬ ከገበታው ውጭ ቆሜያለሁ። በደሌን ስሸጥ ምሕረቱንም አብሬ ሸጫለሁ፤ ይህን ገብሬ አልተረጎመልኝም። ዕንባዬ መጣ፤ አልደበቅሁትም።

«ድንጋይ ስጡኝ» አልሁ።

ባላምባራስ ካሣ ራሳቸው ተነሥተው መረጡልኝ። ከሲኞሩ ድንጋይ የሚተልቅ ነበር፤ ከመሬት ሲነቀል ሥሩ የወጣ መሰለኝ። ሁለት ሰው አንሥቶ በማጅራቴ ጫነው። ጎንበስ ብዬ ከየኔታ ፊት ቀረብሁ።

ሲኞር ካርሎ ጉርሻውን በአፉ እንደያዘ ተነሣ። «ኖ! ኖ!» እያለ ሮጦ ድንጋዩን ከላዬ ሊያወርድ ይታገል ጀመር። እኔ አጥብቄ ያዝሁ። ጣሊያንና ጎጃሜ በአንድ ድንጋይ ሲጣሉ በአገሩ ያ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም፤ ለመሸከም ሲጣሉ ግን እርግጠኛ ነኝ።

«ተው ይልሃል» አለ ገብሬ እያለከለከ። «አጥፍቻለሁ ካልህ ውሉ ይፈርሳል ይላል። ገንዘቡን መልሼ እወስዳለሁ፣ ካሚዮኗም ነገ በኬላ አታልፍም ይላል።»

የበሬዎቼ ዋጋ ሁሉ እሷው ናት። ሚስቴ ትዝ አለችኝ። ካሚዮኗን ካንገቴ በታች በብብቴ ሥር አሻግሬ አየኋት፤ ተገልብጣ ስትታይ ታምር ነበር።

«የኔታ» አልሁ፣ «በቅሎዎን የገደልሁ እኔ ነኝ። ኩባንያው አያውቃትም። ሣር ያጨድሁላት እኔ ነኝ፣ የገደልኋትም እኔ ነኝ። በድያለሁ።»

ሲኞር ካርሎ ወረቀቱን ከቦርሳው አውጥቶ ቀደደው። የኔታም የተቀበሉትን ገንዘብ ሳያዩት አንሥተው መለሱለት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። በቅሎዋ ከሞተችበት ቀን ወዲህ ፊት ለፊት ሲያዩኝ የመጀመሪያው ነበር፤ ዐይናቸው ርሷል።

«ልጄ» አሉኝ። «ይቅር ለእግዜር። እግዚአብሔር ይፍታህ።»

አንዱ ሽማግሌ ድንጋዩን ሊያወርድልኝ እጁን ዘረጋ። የኔታ በጃንጥላቸው ያዝ አደረጉት።

«ቆይ እስኪ» አሉት። «ይቅርስ ብዬዋለሁ። ግን በቅሎዬ እኔን ስንት ዘመን ተሸክማኛለች፤ እሱም ትንሽ ይቆይ።»

ቆየሁ።